አንድ ኪሎ ሰሊጥ ለስምንት የጾም ማዕድ

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ቀን ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ካሉ ደጋማ ቀበሌዎች ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ በአህያ ተጭኖ ይወርዳል። ከቆላው ደግሞ ማሽላና ጤፍ ይወጣል። ገበያተኛው ያመጣውን ሸጦ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ሸምቶ ይመለሳል። በዚያ ሸመታ ውስጥ ኪስ ከሚያራቁቱት ዕቃዎች አንዱ የምግብ ዘይት ነው።

የዘይት ነገር በተለይ የሚከብደው በጾም ወራት ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገናም 43 ቀናት ይጾማል። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ በላስታ የሚኖር አንድ ምእመን ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ተለይቶ ያሳልፋል። በእነዚህ ቀናት የቤተሰቡ ማዕድ በሽሮ፣ በክክና በጎመን ላይ የተመሠረተ ነው። ቅባቱ የሚገኘው ከተገዛ ዘይት ብቻ ከሆነ፣ ገንዘብ ሲያጥር ወጡ በውኃና በጨው ብቻ ይሠራል።

ሕፃናት ይህን ጾም የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የገጠር ቤት የሚጣደው ድስት አንድ በመሆኑ፣ ሕፃኑም የሚበላው ለትልቁ ሰው የተሠራውን ነው። በመሆኑም የጾም ወጥ ከቅባትና ከፕሮቲን የተራቆተ ሲሆን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ገና በማደግ ላይ ያለው ልጅ ነው።

ለዚህ ችግር በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል አንድ ቀላል መፍትሔ አለ። እርሱም ሰሊጥን ዘይት አድርጎ ከመግዛት ይልቅ ፍሬውን ራሱን ቆልቶ፣ ወቅጦና በውኃ በጥብጦ ማባያ አድርጎ መመገብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ምጣድ፣ ሙቀጫና ዘነዘና ሲሆን፣ ሦስቱም ከላስታ ጓዳ አይጠፉም።

ባሕር ተሻግሮ የሚሸጠው ፍሬ

ሰሊጥ ለሀገራችን የውጭ ምንዛሪ በማስገኘት ለበርካታ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የሚጠራ ሰብል ነው። በክልላችን በስፋት የሚመረተው በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው ባሉ ሞቃታማ ቆላዎች ነው። በ2000 ዓ.ም ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ዋና ዋና ሰብሎችም አንዱ ነው። ቻይናና እስራኤል ከታወቁት ገዥዎች መካከል ናቸው።

ነጩ የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ በውጭ ገበያ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ጣሂና ለሚባለው ምግብ ተስማሚ መሆኑ ነው። ጣሂና ማለት ሰሊጥ ተቆልቶ እንደ ለውዝ ቅቤ እስኪልም ድረስ የተፈጨ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ሀገሮች ይህን በውኃ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት በጥብጠው በየዕለቱ በዳቦ ይበሉታል። ከእኛ ሀገር በጥሬው የሚወጣው ሰሊጥ እዚያ ተፈጭቶ በጠርሙስ ሲታሸግ ዋጋው በብዙ ይጨምራል። አሠራሩ ግን ከመቁላትና ከመፍጨት የዘለለ ምሥጢር የለውም።

ለሀገራችን ሰውም የቅባት እህልን ፍሬ በጥብጦ መብላት እንግዳ ነገር አይደለም። ሱፍ ፍትፍትና ተልባ በጾም ወራት ከሚናፈቁ ምግቦች መካከል ናቸው። የሰሊጥ ማባያም የእነርሱ ወንድም ነው።

ከዘይቱ ይልቅ ፍሬው

የሰሊጥ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። በ100 ግራም ሰሊጥ ውስጥ ከ17 እስከ 18 ግራም ፕሮቲን፣ ከ550 ኪሎ ካሎሪ በላይ ጉልበት ሰጪ ኃይል፣ እንዲሁም ብረት፣ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ይገኛሉ። ዘይቱ ብቻ ተጨምቆ ሲወጣ ፕሮቲኑና ማዕድናቱ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራሉ። ዘይት የሚገዛ ሰው ቅባት ብቻ ይገዛል፤ ፍሬውን የሚገዛ ሰው ግን ቅባቱንም ፕሮቲኑንም አንድ ላይ ያገኛል።

ሌላው ጠቃሚ ነገር ሰሊጥ ከጥራጥሬ ጋር ያለው መደጋገፍ ነው። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሲሆኑ፣ ሜታይኦኒን የተባለው ግን ያንሳቸዋል። ሰሊጥ በተቃራኒው ሜታይኦኒን የሞላበት፣ ላይሲን ያነሰበት ነው። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ስለዚህ በሽሮ ወጥ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ሰሊጥ የጨመረች እናት ሥጋና ወተት በሌለበት ቀን የልጆቿን ምግብ አጠናክራለች ማለት ነው።

ስሌቱንም ማየት ይጠቅማል። ለአንድ ሰው በአንድ ማዕድ 25 ግራም ሰሊጥ ይበቃል እንበል። አምስት ቤተሰብ ላለው ቤት 125 ግራም ይሆናል፤ ይህም አንድ የውኃ ብርጭቆ የማይሞላ ፍሬ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ኪሎ ሰሊጥ ለስምንት ማዕድ ይዘልቃል። ረቡዕና ዓርብ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጠቀም ቤተሰብ የአራት ሳምንት ቀለብ ነው ማለት ነው። በነቢያት ጾም 43 ቀናት በየቀኑ አንድ ጊዜ መጠቀም ለሚፈልግ ደግሞ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ያስፈልገዋል። አባወራውና እማወራዋ ይህን ከዘይት ወጪያቸው ጋር አስተያይተው መወሰን ይችላሉ።

ሲገዙ ምን ይታያል?

ሰሊጥ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይታጨዳል። የታችኛው ቅጠሉ ሲረግፍና ፍሬ መያዣው ወደ ቢጫነት ሲለወጥ ታጭዶ፣ ነዶው እንደ ቆመ ይከመራል፤ ክምሩ በመተማ አካባቢ ሂላ ይባላል። ከደረቀ በኋላ ተገልብጦ ይራገፋል። ስለዚህ አዲሱ ምርት ወደ ገበያ የሚገባው ለነቢያት ጾም በሚቀርበው ጊዜ ነው፤ ለሸመታም የሚመቸው ያኔ ነው።

ለማባያ የሚመረጠው ነጩ ሰሊጥ ነው። ቡናማው የወለጋ ዓይነት ለዘይት ጥሩ ቢሆንም ለማባያ ግን ጣዕሙ መረር ይላል። ገዢው በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባው አሸዋውን ነው። ሰሊጥ መሬት ላይ ከተራገፈ ደቃቅ አሸዋ ይቀላቀልበታል፤ አሸዋውም ከፍሬው መጠን ስለሚቀራረብ በዓይን ብቻ አይለይም። ጥቂት ፍሬ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሮ ማማሰል አሸዋውን ከሥር ያሳያል። የእርጥበት ሽታ ያለው፣ የተያያዘ ወይም የሻገተ ፍሬ መገዛት የለበትም። በእርጥበት የተያዘ የቅባት እህል ለጤና አደገኛ የሆነ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ ይህ መርዝ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

አሠራሩ

አንደኛ፣ ማጽዳት። ሰሊጡ በሰፌድ ይበጠራል፣ ይንገዋለላል። ከዚያም በሰፊ ሳሕን ውኃ ተሞልቶበት በእጅ ይማሰላል። አሸዋው ከሥር ሲዘቅጥ ፍሬው ከላይ በወንፊት ይጠለላል። ይህ ውኃው እስኪጠራና ከሥር ምንም እስከማይቀር ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። በችኮላ የታለፈ አሸዋ በመጨረሻ ጥርስ ላይ ይገኛል፤ ቤተሰቡም ሁለተኛ ሰሊጥ አይቀምስም። የታጠበው ፍሬ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ በደንብ ይደርቃል።

ቅርፊቱን ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ፍሬውን ዘፍዝፎ፣ በእጁ አሽቶ ቅርፊቱን በውኃ ማጠለል ይችላል። ማባያው ይነጣል፣ ምሬቱም ይቀንሳል። ሆኖም የሰሊጥ ካልሲየም በብዛት ያለው በቅርፊቱ ላይ ስለሆነ፣ ለዕለት ምግብ ከነቅርፊቱ መሥራት ድካምም ይቀንሳል፤ ጥቅምም አለው።

ሁለተኛ፣ መቁላት። የሰሊጥ ፍሬ ደቃቅና ቅባታም በመሆኑ ኃይለኛ እሳት አይወድም። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ በምጣዱ ላይ የሚቀረው ሙቀትና ጥቂት ፍም ይበቃዋል፤ ማገዶም ይቆጥባል። ፍሬው በስሱ ተነጥሮ ሳያቋርጡ ይማሰላል። ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መንጣጣት ይጀምራል፤ መዓዛው ይወጣል፤ ነጭነቱም ወደ ወርቃማ ያደላል። በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ የሚፈረፍር ከሆነ በቅቶታል። ወዲያውኑ ከምጣዱ ወደ ሰፌድ ይገለበጣል፤ ምጣዱ ላይ ከቆየ እሳቱ ቢጠፋም መብሰሉን ይቀጥላልና። ቡናማ እስኪሆን የተቆላ ሰሊጥ ይመርራል፤ ምሬቱንም ሎሚም ሆነ ጨው አይመልሰውም።

ሦስተኛ፣ መውቀጥ። ፍሬው ለብ ባለበት ሰዓት በንጹሕ ሙቀጫ ይወቀጣል፤ ሙቀት ዘይቱ ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል። ሙቀጫው በርበሬ የተወቀጠበት ከሆነ አስቀድሞ በደንብ ሊታጠብና ሊደርቅ ይገባል። መጀመሪያ ደረቅ ዱቄት ይሆናል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ውቀጣው ሲቀጥል ግን ዱቄቱ መጣበቅ፣ ቀጥሎም ማብረቅረቅ ይጀምራል፤ በመጨረሻ ዘይቱ ወጥቶ እንደ ለውዝ ቅቤ ይልማል። በድንጋይ ወፍጮ በመጅ መፍጨትም ይቻላል። ወደ ሞተር ወፍጮ ቤት መውሰድ ግን አይመከርም፤ ቅባታም ፍሬ ወፍጮውን ይይዘዋል፣ ከሌላ እህል ዱቄትም ጋር ይቀላቀላል።

አራተኛ፣ መበጥበጥ። ለ125 ግራም ሰሊጥ ሁለት ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ለጣዕም የሚበቃ ጨው ይዘጋጃል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ይማሰላል። በዚህ ጊዜ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነገር ይከሰታል፤ የመጀመሪያው ውኃ ሲገባ የላመው ሰሊጥ ከመቅጠን ፈንታ ይጓጉላል፣ እንደ ሊጥም ይጠጥራል። ተበላሽቷል ተብሎ መጣል የለበትም። ፍሬው መጀመሪያ ያገኘውን ውኃ ስለሚመጥ ነው የሚጠጥረው። ውኃው በጥቂቱ ሲቀጥል ዘይትና ውኃው ተዋሕደው ይፈታል፤ ነጣ ብሎም እንደ እርጎ ይለሰልሳል። ለማባያ ሦስት አራተኛ ብርጭቆ ገደማ፣ ለፍትፍት ደግሞ ከአንድ ብርጭቆ ጥቂት ያለፈ ውኃ ይበቃል።

የተከተፈ ቃሪያ ወይም ትንሽ ሚጥሚጣ እንደ ፍላጎት ይጨመራል። እንጀራ ይፈተፍትበታል፤ የገብስ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ጎመንም ይበላበታል። በሽሮ ወጥ ውስጥ ለመጨመር ሲፈለግ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል አንድ ሁለት ማንኪያ ጣል ማድረግ ነው። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ከሰሊጡና ከጥራጥሬው የሚያገኘውን ብረት በተሻለ እንዲጠቀም ያግዛል።

ሰሊጥ የማይበቅልበት ደጋስ?

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ ከ4 ሺህ 200 ሜትር ያልፋል። ሰሊጥ ግን ሙቀት የሚወድ፣ ውርጭ የማይችል የቆላ ሰብል ነው። በደጋ ማሳ ላይ ሰሊጥ ለመዝራት መሞከር ዘርና ጉልበት ማባከን ነው። የደጋው አርሶ አደር ሰሊጥን ከገበያ ሊሸምት፣ ወይም በአጎራባቹ የዋግ ኽምራ ቆላማ አካባቢዎች ከሚያመርቱት ጋር በእህሉ ሊለዋወጥ ይችላል። ደጋና ቆላ በእህል መለዋወጥ የቆየ ልማድ ነው።

ከዚህም ሌላ ደጋው የራሱ ፍሬ አለው። ተልባ ቀዝቃዛ አየር የሚስማማው የቅባት እህል ነው፤ ገብስና ስንዴ ተደጋግሞ ለተዘራበት ማሳም ጥሩ ማፈራረቂያ ይሆናል። ፕሮቲኑ ከሰሊጥ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ኦሜጋ ሦስት በተባለው ጠቃሚ ቅባት ደግሞ ይበልጠዋል። አሠራሩም ተመሳሳይ ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆና በለስላሳ እሳት ተቆልቶ ይወቀጣል። ልዩነቱ ውኃ ሲነካው የሚዝለገለግ በመሆኑ ከሰሊጥ የበለጠ ውኃ መፈለጉ ነው። ዝልግልግነቱን የማይወዱ ሰዎች ተልባና ሰሊጥን እኩል በእኩል ቀላቅለው ቢሠሩ ማባያው ይስተካከላል፤ የሚገዛው ሰሊጥም በግማሽ ይቀንሳል።

ሱፍ ያለው ቤትም ሱፉን መጠቀም ይችላል። የሱፍ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ግን ተወቅጦ፣ በውኃ ታሽቶና በወንፊት ተጠልሎ ነጩ ውኃ ብቻ ይወሰዳል።

አቀማመጥና ጥንቃቄ

ደረቅ የሰሊጥ ፍሬ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። ተወቅጦ የላመውና ውኃ ያልነካው በንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ተከድኖ፣ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ዘይቱ ከላይ ቢንሳፈፍ በደረቅ ማንኪያ ማማሰል ነው። ውኃ የገባበት ማባያ ግን በዕለቱ መበላት አለበት። ሽታው የተለወጠ ወይም ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ መጣል ይሻላል።

ለሕፃናት የሚሰጠው ስድስት ወር ከሞላቸው በኋላ፣ ከገንፎ ወይም ከአጥሚት ጋር በደንብ ተዋሕዶ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሻይ ማንኪያ ጫፍ መብለጥ የለበትም፤ ሰሊጥ የማይስማማቸው ልጆች አሉና። ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ፣ ማስመለስ ወይም የትንፋሽ መቸገር ከታየ ወዲያው አቁሞ ልጁን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ከወረዳና ከቀበሌ የሚጠበቀው

በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማስቀረት መንግሥት የገባው ቃል ነው። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ውስጥ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ተከዜ ደግሞ ከላስታ ከፍታዎች የሚነሳ ወንዝ በመሆኑ ጉዳዩ ለአካባቢው ሩቅ አይደለም። ቃል ኪዳኑ በወረዳ ዕቅድ ላይ ብቻ እንዳይቀር እንዲህ ያሉ ከጓዳ የሚጀምሩ ሥራዎች ያግዙታል።

ለዚህም በቅድሚያ የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጋራ ሊሠሩ ይገባል። ሰሊጥና ተልባ ጠቃሚ ናቸው ብሎ በስብሰባ ላይ መናገር ብቻውን ለውጥ አያመጣም። በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ምጣድ ተጥዶ፣ ሙቀጫ ቀርቦ እናቶችም አባቶችም ሠርተው ሊቀምሱ ይገባል። አመቺው ጊዜም የነቢያትና የዐቢይ ጾም ከመግባታቸው በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። አሸዋው እንዴት እንደሚለይ፣ ቁሌቱ የት ላይ እንደሚቆምና የጓጎለው ሰሊጥ እንዴት እንደሚፈታ በዓይን ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ ለመሥራት አያመነታም።

አቅርቦቱ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ይመለከታል። አንድ ኩንታል ንጹሕ ሰሊጥ ለ100 አባወራ አንድ አንድ ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም ከላይ በቀረበው ስሌት የ100 ቤተሰብ የአንድ ወር ረቡዕና ዓርብ ማለት ነው። የሸማቾች ማኅበራት ምርቱ በሚሰበሰብበት ወቅት ከአምራች ማኅበራት በቀጥታ ቢገዙ ዋጋውም ጥራቱም ይሻላል። ለደጋው ተስማሚ የተልባ ዘር ጥያቄ ሲኖርም ወረዳው በሰሜን ወሎ የሚገኘውን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን ማማከር ይችላል።

የገቢ ዕድልም አለ። ላሊበላ በገና በዓል ከየአቅጣጫው ምእመናን የሚጎርፉባት፣ ከውጭም ጎብኚ የሚመጣባት ከተማ ናት። የጾም ምግብ ፈላጊው ብዙ ነው። የተደራጁ ሴቶች ንጽሕናውን ጠብቀው የላመ ሰሊጥ በጠርሙስ ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች ቢያቀርቡ ገበያ አያጡም። ሆኖም ከሽያጭ በፊት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የምግብ ደኅንነት ምክርና ቁጥጥር ሊኖር ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን ሥራው ከራስ ማዕድ ይጀምራል። በመጪው ቅዳሜ ገበያ ሩብ ኪሎ ነጭ ሰሊጥ ገዝቶ የሚመለስ ሰው የሁለት ቀን ማባያ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ምናልባት ጥቂት ያርር ወይም ይቀጥን ይሆናል። ረቡዕ የተሳሳተው ዓርብ ይስተካከላል።